ከምንያህል በፊት የሚመጣ ስም

ሐምሌ 12

ዝናብ። ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ከሐይቁ ጋር አንድ ሆኖ ዋለ። ሆቴሉ ጭር ብሏል። እኔና ፌቨን እንግዳ መቀበያው ላይ ስናዛጋ ነው የዋልነው። እግሬ አብጧል፤ ሰባት ወር አለፈኝ እኮ… ጫማ አይገባልኝም። በነጠላ ጫማ ነው የምሠራው። ከጠረጴዛው ጀርባ ማን ያያል?

ፌቨን ስልኳ ላይ "አጫጭር የሴት ልጅ ስሞች ከነትርጉማቸው" የሚል ነገር አግኝታ አመጣችልኝ። ሐኪሙ ሴት ናት ካለን ወዲህ ከኔ ብሳ እሷ ናት እንቅልፍ ያጣችው። እኔ ከሦስት ፊደል በላይ አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጽፍ የምውል ሴት ነኝ። ስሙ ቅጹ ላይ የማይበቃ እንግዳ ሲመጣ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። ልጄን እንዲህ ያለ ሸክም አላሸክማትም።

አንዱ ላይ ልቤ ሄደ። "ማር"። ሁለት ፊደል! ትርጉሙን ፍለጋ የትም አይኬድ።

ማታ እራት ላይ ለምንያህል ነገርኩት። የጎረሰውን አላምጦ፣ ውጦ፣ ውሃ ጠጥቶ… ባሌ እንዲህ ነው፤ አይቸኩልም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ማር ምንያህል?" አለ።

"አዎ። ያምራል አይደል?"

"አይ… ደግመሽ በይው። ማር። ምንያህል።"

አልኩት። ጆሮዬ ዘግይቶ ሰማ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ልጅቷም ከውስጥ አብራኝ የሳቀች መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ምንያህል የሚባል ሰው ሚስት ሆኜ፣ ልጄ ከስሟ ቀጥሎ ምን ተብላ እንደምትጠራ አንድም ቀን አላሰብኩም? አላሰብኩም።

ሐምሌ 15

ቅዳሜ። ቀኑን ሙሉ ሞከርን።

ሉል ምንያህል? የወርቅ ቤት። ጤና ምንያህል? የሐኪም ቤት ካርድ ክፍል። ሉሲ ምንያህል? የሙዚየም በር። ሰላም ምንያህል? ይሄን ጥያቄ እንኳ ማን ይመልሰዋል…

"አንተ ግን በዚህ ስም እንዴት አደግክ?" አልኩት።

ነገረኝ። ትምህርት ቤት "ምንያህል ነህ?" እያሉ ሲያስቁበት፣ ሱቅ ሲላክ ባለሱቁ "ስንት ልበልህ?" ሲለው… አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ምን? ስታቲስቲክስ! በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስሙን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከኋላ አንዱ፣ "መምህር፣ በመቶኛ ነው?" ይለዋል። በየዓመቱ። እነዚያው ተማሪዎች ሳይሆኑ ያው ቀልድ።

"እኔ ለምጄዋለሁ" አለኝ። "እሷ ግን ለምን ትልመድ? ልጄ ስሟ በተጠራ ቁጥር ሰው ሲስቅ አንገቷን እንድትደፋ አልፈልግም።"

እንዲህ ሲል አላውቅም። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም ለካ።

ሐምሌ 21

ዛሬ "ዕድል" አልኩት። "ሎተሪ አዟሪ አደረግሽኝ" አለኝ።

ሐምሌ 30

ፌቨን አዲስ ዘዴ አመጣች። "ስሙ ካማርኛ ካልሆነ ዓረፍተ ነገር አይሆንም። የውጭ አውጪላት፣ ተገላገይ!" እውነቷን ነው። ከስልኳ ላይ መረጥን። ሊያ፣ ማራ፣ አና። አጭር፣ ቀለል ያለ፣ የዘመኑ።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ቱላ ያለው እናቴ ቤት ሄድን። እማዬ መጽሐፍ ቅዱሱን በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት፤ እሷ ፊት ስም ይዞ መቅረብ ፈተና መቀመጥ ነው።

"ሊያ" አልኳት።

"ዓይነ ልሟን? ባሏ ሳይወዳት የኖረችውን? ትርጉሙም ደካማ ነው ይላሉ።"

"ማራ።"

"መራራ! ኑኃሚን ባሏም ልጆቿም ሲሞቱባት ነው ማራ በሉኝ ያለችው። አንቺ ማን ሞተብሽ?"

ምንያህል ጉሮሮውን ጠረገ። በስታቲስቲክስ አጠናሁት የሚለውን አመጣ። "አና። ፀጋ ማለት ነው፤ በብዙ አገር አለ፤ ከኔ ስም ጋርም ምንም አይሰጥም።"

እማዬ አየችው። ከዚያ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ጎጃሜው ባሌ ሐዋሳ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ አልሰማም… በሲዳሙ አፎ "አና" ማለት አባት ነው!

"የልጄን ልጅ አባቴ ብዬ ልጥራት? 'አና ነይ ጡት ጥቢ' ልበል?" እንባዋን እየጠረገች። አባዬ ጋሽ ክብሩ ደግሞ ከውጭ፣ "ማነው የጠራኝ?" ብሎ ብቅ አለ። ቀልዱን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ እስካሁን አልገባኝም።

እኔ እንዴት ረሳሁት? የገዛ እናቴ ቋንቋ… ፌቨን "ያምራል" ስትለኝ ጆሮዬ ከተሜ ሆነ።

ነሐሴ 8

ምንያህል ኮምፒውተሩ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቷል። ለእያንዳንዱ ስም ነጥብ ይሰጣል። አጭርነት፣ ትርጉም፣ የሁለት አያቶች ፈቃድ፣ "ከኔ ጋር ሲጠራ"። መጨረሻው ላይ ያለው ሁሉንም ዜሮ ያደርጋቸዋል።

ነሐሴ 25

ሰልችቶኛል። ወገቤ ተቆርጧል። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይላሉ። የኛው መልአክ ኔትወርክ የለውም መሰለኝ።

"ቀስ ብለን እናስብበት" ይላል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።" ይቺን "ቀስ" የምትል ቃሉን አንድ ቀን በመጥረጊያ ጠርጌ አወጣታለሁ። እማዬም፣ "ስትወለድ ፊቷን ስታዩ ስሟ ይመጣል" ብላ አረፈችው። እሺ። ፊቷን እንይ።

ጳጉሜን 4

መጣች። ፊቷን አየን። ምንም አልተጻፈበትም።

ግን ምን ዓይነት ፊት ነው…

ጳጉሜን 5

ቤት ገባን። እማዬ ገንፎውን ይዛ ከኋላዬ፤ "ብዪ!" እኔ በልቼ ልፈነዳ ነው።

ትናንት ምጥ ላይ ምንያህልን ምን እንዳልኩት ፌቨን አትስማ። የያዝኩት እጁ ዛሬ አብጧል። "አሞሃል?" ብለው፣ "አይ፣ በግራዬ ነው የምጽፈው" አለ። በቀኙ ነው የሚጽፈው።

መስኮቱን ከፍተን ተኛን። ከውጭ የልጆች ድምፅ፣ የቄጠማ ሽታ… ነገ እንቁጣጣሽ ነው። በድንገት አልኩ፦ "አደይ!" ሦስት ፊደል። የአዲስ ዓመት አበባ። በጳጉሜን ለተወለደች ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

"አደይ…" አለ ምንያህል፣ እያያት። በደስታ ፈዟል፤ ፈተናውንም ረሳው። "ያምራል። በጣም ያምራል።" እጄን ጨበጠኝ። አበቃ አልኩ። ተገላገልን።

ወዲያው ከአጥሩ ውጭ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ አበባ ለሚሸጡት ልጆች፦ "ማሙሽ፣ አደዩ ምን ያህል ነው?"

ተያየን። እሱ ትራሱን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ ስስቅ የተሰፋሁት ቦታ ሊቀደድ ነበር።

መስከረም 6

አማቴ እማማ ሸዋዬ ከፍኖተ ሰላም መጡ። አውቶቡስ ላይ አድረው፣ ቅቤና በሶ ተሸክመው፣ ድካም የሚባል ነገር ሳይታይባቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ የባሌን አባት አላውቃቸውም፤ ከመጋባታችን በፊት ነው ያረፉት።

ልጅቷን ታቅፈው እልልታ። ከዚያ፦ "ስሟስ?"

ገና መሆኑን ነገርናቸው።

"ጥሩወርቅ በሏት!"

ምንያህል ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ምንያህል። ጥሩወርቅ ምንያህል… ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ገበያው፣ ወርቅ ቤቱ፣ ምኑ። አልሳቁም። ፊታቸው ተለወጠ።

"በልጄ ስም ምን የሚያስቅ አለ?" አሉኝ።

"ኧረ ምንም እማማ፣ እርስዎ ባወጡት አይደለም…"

"የሱንስ ማን አወጣው?" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ተቀየሙኝ ማለት ነው? ያስቀየምኩት ነገር ምንድን ነው?

መስከረም 14

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ሁለት አያት አይችልም።

እማዬ ልጅቷን "በረከት" እያለች ትጠራለች። "በረከት ምንያህል! ጌታ ሲባርክ ተቆጥሮ ያልቃል? ስብከት እኮ ነው!" እማማ ሸዋዬ ደግሞ በትሕትና፦ "እርስዎ ያወጡት ጥሩ ነው፤ ግን በረከት የወንድ ነው። የጎረቤቴ በረከት ሚኒባስ ነጂ ነው።" እማዬም በትሕትና፦ "የኛ ሰፈሯ በረከት ነርስ ናት። እርስዎ እንደወደዱ።" ሁለቱም እርስዎ፣ እርስዎ እየተባባሉ ጦር ይወራወራሉ። አባዬ ጋሽ ክብሩ ሲመጣ፣ "ያቺ ሰው እንዴት ናት?" ብሎ ስለ ልጅቷ ይጠይቃል፤ ከማንም ጋር አይነካካም። ብልህ ነው።

መስከረም 27

ጎረቤት ሁሉ "ስሟን ማን አላችኋት?" ይላል። "ገና ነን" ስል እንደ በሽተኛ ያዩኛል።

ሚጡ ማለት ተጀምሯል። እንግዲህ ጉድ ፈላ! ማዶ ያለችው ሚጡ "ለጊዜው" ተብላ ነው ሚጡ የሆነችው። ዘንድሮ ዲግሪዋን ይዛ ተመርቃለች። ፎቶው ሥር ሚጡ ነው የሚለው።

ጥቅምት 14

መጥፎ ቀን።

ለክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። አዳራሹ እናት በእናት ነው። ነርሷ ካርዱን አንስታ በኔው ስም ጮኸች፦ "ቤቢ ሩሀማ!"

"አቤት" አልኩ።

"አንቺ ነሽ ቤቢዋ?" አለች። አዳራሹ ሳቀ። "ስም የላትም እንዴ እስካሁን? ይሄን ያህል ጊዜ!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ምንያህል ሊያስረዳ ተነሣ… በስሙ ጀመረ። "እኔ ምንያህል እባላለሁ…" ሲል ባሰባቸው። ያኔ ፊቱን አየሁት። እየሳቀላቸው ነው። አብሯቸው ይስቃል፣ እንዲያልፍ። ሲያደርገው የኖረው ይሄ ነው ማለት ነው?

ቤት ስንገባ ልጅቷ በክትባቱ አተኮሳት። ጩኸት። እማዬ በእርጥብ ጨርቅ ይሻላል ትላለች፣ እማማ ሸዋዬ በቅቤ። ሁለቱም "በረከትዬ" "ጥሩዬ" እያሉ ልጄን በሁለት ስም ይጎትቷታል። ምንያህል ኮምፒውተሩን ከፈተና፣ "እስቲ ቀስ ብለን…" አለ።

ፈነዳሁ። "ቀስ! ቀስ! ቀስ! ችግሩ የልጅቷ ስም አይደለም! ያንተ ስም ነው! ማንም ስም ቢወጣላት አንተ ከኋላ መጥተህ ታበላሸዋለህ! የራስህን ቀይር!"

ልጅቷ ጩኸቷን አቆመች፣ እንደ ተንኮል።

"እሺ" አለ። ኮምፒውተሩን ዘጋ። ልጅቷን ከእጄ ተቀብሎ በረንዳ ወጣ፣ እዚያ ሲያባብላት ቆየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምን ነካኝ? ይሄን ሰው እንዲህ ብዬ ተናገርኩት? አፍሬያለሁ።

ጥቅምት 17

ሰውዬው የምሩን ነው!

ከሥራ ዘግይቶ መጣ፣ ጫማው በጭቃ። ተቀመጠ፣ ጫማውን ፈታ፣ ውሃ ጠጣ። ከዚያ፣ "ጠየቅኩ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ስም መቀየር። በፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻ አለው፣ ምስክር ይፈልጋል። ዲግሪዬንም፣ የባንኩንም፣ ሁሉንም ማስተካከል አለብኝ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል አሉኝ።" ትንሽ አሰበና፣ "ዳዊት ብባል ምን ይመስልሻል? ዳዊት ላይ ማንም ምንም ሊቀልድ አይችልም።"

አየሁት። ዳዊት? ዳዊት የሚባል ሰው አላገባሁም እኔ! "ዳዊት፣ ዳቦ ይዘህ ና" ልል ነው? የማላውቀው ሰው ቤቴ ገብቶ ጫማውን የፈታ መሰለኝ። ልቅሶዬ መጣ። "ተናድጄ ነው እኮ ያልኩት…" አልኩ። "አውቃለሁ" አለ። "ግን እውነትሽን ነው። ለሷ ሲባል ምን አለበት?"

ጓዳ ውስጥ ማማሰያ ወደቀ። እማማ ሸዋዬ ብቅ አሉ። ሰምተዋል።

"ማነው ስሙን የሚቀይር?"

"እማ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው…"

"ዝም በል!" ቁጭ አሉ። እማዬ ውሃ አቀበለቻቸው፤ እሷም ፈርታለች።

ከዚያ አወሩት። እንዳሉት ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

"አባትህ ካገባኝ በኋላ ስንት ዓመት ማሕፀኔ ዝም አለ። ዘመዶቹ እየመጡ፣ 'ፍታት፣ ሌላ አግባ፣ ዘርህ ሊቀር ነው' ይሉታል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እሱ፣ 'ጠላው ይቅረብላችሁ' ይልና ዝም። እነሱ ሲሄዱ ይገባና፣ 'የሚበላ አለ?' ይለኛል። ይቺው ናት። አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። አንተ ተወለድክ። እነዚያው ዘመዶች ተሰብስበው ስም ሲያማርጡ፣ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ፣ 'ስሙን እኔ ነኝ የማወጣው' አልኩ። ምንያህል አልኩህ። ከአባትህ ጋር ጥራው እስቲ! ምንያህል ታገሠ! እኔ ያየሁትን ነው ስም ያደረግሁት። በጠሩህ ቁጥር ያችን ነገራቸውን እንዲያስታውሷት! የገበያ ጥያቄ መስሏችሁ ነው?"

ምንያህል ታገሠ። በጋብቻ ወረቀታችን ላይ አለ። ለቤት ኪራዩም፣ ለኢንሹራንሱም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የሰው ስም መጻፍ ሥራዬ ሆኖ የባሌን ስም አንዴም አላነበብኩትም።

"ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም" አላት ምንያህል።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

እማዬ ተነሥታ እማማ ሸዋዬን አቀፈቻቸው። "ጌታ ይባርክዎት" አለቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ። ከመጡ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነው።

ጥቅምት 18

ጠዋት ሳጠባት ይህንኑ ሳስብ ነበር። ያመመውን እጁን የደበቀኝን፣ ጤና ጣቢያ አብሯቸው የሳቀውን፣ "እሺ" ያለኝን… ባሌ ዘገምተኛ ነው ብዬ ነበር የምማረረው። ዘገምተኛ አይደለም። ሌላ ነገር ነው፣ ቃሉም አባቱ ስም ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እማማ ሸዋዬ ያዩትን አይተው ተናገሩ። እኔስ? እኔም እኮ…

"አየሁ" አልኩ፣ ለራሴ ጮክ ብዬ።

ምንያህል ጺሙን እየተላጨ ነበር። "ምኑን?"

"ስሟ ነው። አየሁ።"

እንደ ልማዱ ሞከረው። ቀስ ብሎ። "አየሁ… ምንያህል…" ቆመ። ፈገግ ሊል ነበር፣ የሚያስቀውን እየጠበቀ። አልመጣም። ከንፈሩ ብቻውን ቀጠለ፦ "ታገሠ።"

አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ተመልሶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃው ብዙ ሲፈስ ቆየ።

ለፌቨን ጻፍኩላት። "አየሁ???? የባላገር አሮጊት ስም!!" አለችኝ። ሦስት ፊደል ነው አልኳት። እማዬ፣ "የጌታን ሥራ አየሁ ማለት ነው" ብላ በራሷ ተረጎመችው። አባዬ፣ "እንኳን ሰው ሆነች" አለ። እማማ ሸዋዬ ልጅቷን ተቀብለውኝ ጆሮዋ ሥር ሙሉ ስሟን ነገሯት፣ ሦስቱንም፣ እስከ ባላቸው።

ጥቅምት 25

የልደት ምዝገባ ሄድን። ወረፋ። አየሁ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ምንያህል ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲመለስ ሰልፉ ውስጥ አንዱ ተማሪው አግኝቶት፣ "መምህር ምንያህል!" ብሎ ጮኸ። ሰው ዞረ። እኔም ዞርኩ። አላፈርኩም። እንዲያውም ደግመህ ጥራው ልለው ነበር።

ተራችን ደረሰ። መዝጋቢዋ ወጣት ናት፣ ማስቲካ ታኝካለች። የጻፍኩላትን ተቀብላ፣ እየነካካች ወደ ኮምፒውተሯ አስገባችው። ከዚያ ለማረጋገጥ ጮክ ብላ አነበበችው፦ "አየሁ ምንያህል ታገሠ።"

ማኘኳን አቆመች። እንደገና አነበበችው፣ አሁን እንደ ስም ሳይሆን እንደ ወሬ። ቀና ብላ መጀመሪያ ምንያህልን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ምኑን ነው የታገሠው?" አለችኝ።

"እኔን" አልኳት።